ወሬውን ሰምተው ዝም ያሉ ክለቦች

የሼፊልድ ዩናይትዱ ተከላካይ አንዲ ውድዋርድ አንድ ጨዋታ ላይ ድንገት በፍርሃት ተዋጠ፤ ልቡ ትመታለች፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ምን እንደሆነ ለማንም መናገር ስላልቻለ የታፋ ጡንቻው የተጎዳ መስሎ ከሜዳ ወጣ። ደጋፊው ያየው ተራ ጉዳት ነው። ውድዋርድ በ29 ዓመቱ እግር ኳስን ሲያቆምም ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። ሕዝቡ የሰማው እ.ኤ.አ ኖቬምበር 2016 ተጫዋቹ ለጋርዲያን ጋዜጣ ስሙን ሳይደብቅ ሁሉንም ሲዘረግፈው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ልጁ 11 ዓመቱ ሳለ ነው። ባሪ ቤኔል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ባለ ተሰጥኦ ልጆችን በመመልመል ስሙ የገነነ ሰው ነበር። በክሪው አሌክሳንድራ ታዳጊዎችን ያሰለጥናል፤ ከማንቸስተር ሲቲ ጋርም ግንኙነት ነበረው። ልጆቹ ቤቱ ያድራሉ። የጌም ማሽን በሉት፣ ዝንጀሮ በሉት፣ ልጅ የሚያማልል ነገር ሁሉ እዚያ አለ። ወላጆችም ልጃችን ፕሮፌሽናል ሊሆንልን ነው ብለው በደስታ ይልካሉ። ሰውየው ግን በዚያው ቤት ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽምባቸው ነበር። ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን እንደሚባረር የሚወስነው እሱ ስለሆነ ትንፍሽ የሚል አልተገኘም። ይባስ ብሎ ቤኔል የውድዋርድን እህት አገባ። ልጁም ከበደለው ሰው ጋር በቤተሰብ ማዕድ መቀመጥ ግድ ሆነበት።

ውድዋርድ ከተናገረ በኋላ ዝምታው ተሰበረ። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ፖል ስቴዋርት እና ዴቪድ ዋይት እነሱም በልጅነታቸው በአሰልጣኞቻቸው ጥቃት እንደደረሰባቸው ገለጹ። ለተጠቂዎች የተከፈተው የስልክ መስመር በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ860 በላይ ጥሪ አስተናገደ። ቼልሲም አልቀረለትም። የቀድሞ ተጫዋቹ ጋሪ ጆንሰን በ1970ዎቹ በክለቡ መልማይ ኤዲ ሂዝ ተደፍሬአለሁ በማለቱ ክለቡ በ2015 50 ሺህ ፓውንድ ከፍሎት ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው ደግሞ ጉዳዩን እንዳያወራ ነው። ነገሩ አደባባይ ሲወጣ ቼልሲ በዲሴምበር 2016 ይቅርታ ጠየቀ።

ቤኔል በ2018 በ12 ልጆች ላይ በፈጸማቸው 50 ወንጀሎች 31 ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው ለልጆቹ አምላክ መስሎ ይታያቸው የነበረውን ይህን ሰው «ሥጋ የለበሰ ሰይጣን» ብለውታል። በ2023 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ታዲያ ሌሎቹስ? አንድ አሰልጣኝ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን እንዴት ዘለቀ? የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጉዳዩን ያስጠናው በጠበቃ ክላይቭ ሼልደን ነው። በማርች 2021 የወጣው 700 ገጽ ገደማ ሪፖርት ማኅበሩን ራሱን አልማረም። ከኦክቶበር 1995 እስከ ሜይ 2000 ድረስ፣ አደጋው ከታወቀም በኋላ፣ ልጆችን ለመጠበቅ በቂ ሥራ አልሠራም ብሏል። የማንቸስተር ሲቲ ከፍተኛ ኃላፊዎች ስለ ቤኔል የሚወራውን እያወቁ አላጣሩም፤ ክሪውም የልጆቹን ደኅንነት ለመከታተል ከዚያ በላይ ማድረግ ነበረበት። ባጭሩ ወሬው ደርሷቸዋል፣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የማኅበሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርክ ቡሊንግሃም ዕለቱን ጨለማ ቀን ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ይቅርታው ግን ፍርድ ቤት አይሠራም። ሲቲ በ2019 የካሳ ፕሮግራም ቢጀምርም ስምንት ሰዎች ክለቡን ከስሰው በጃንዋሪ 2022 ተረቱ። ዳኛው ጥቃቱ መፈጸሙን አልካዱም። ሆኖም ጊዜው በጣም ርቋል፣ ቤኔልም በወቅቱ እንደ ክለቡ ተቀጣሪ የሚቆጠር ሳይሆን በፈቃደኝነት ልጆች የሚመለምል ሰው ነበር ተባለ። ለአንድ የ11 ዓመት ልጅና ለወላጆቹ ግን ይህ ልዩነት ምናቸው ነው? እነሱ ያመኑት የክለቡን ስም ነው። ስሙ ልጆቹን ለመሳብ ሲያገለግል ዝም ያለ ክለብ፣ ሒሳቡ ሲመጣ ሰውየው የእኔ አይደለም ብሏል።

በዛሬው የእንግሊዝ እግር ኳስ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ታሪኩ ይጣራል፤ ክለቦችም የልጆችን ደኅንነት የሚከታተል ኃላፊ መመደብ አለባቸው። ጥሩ ነው። ወረቀቱ የሚጠቅመው ግን ወሬ ሲሰማ ተነስቶ የሚጠይቅ ሰው ካለ ብቻ ነው። በክሪውና በሲቲ የጠፋው ያ ሰው ነበር።