ተጨማሪ መረጃ፦ ከጉሊት ቲማቲም ዘር ማውጣት

ከጉሊት የተገዛ ቲማቲም ለሁለት ስትቆርጡ ዘሮቹ በሚያሙለጨልጭ ዝልግልግ ፈሳሽ ተከበው ታያላችሁ። ዘሩ በእርጥቡ ፍሬ ውስጥ እያለ እንዳይበቅል ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ይህ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ዘር የሚያወጡ ሰዎች በማብላላት ያስወግዱታል፤ ማብላላት ማለት ረቂቅ ተሕዋስያን ፈሳሹን እንዲያፈርሱት ጊዜ መስጠት ነው።

በደንብ የቀላና የለሰለሰ ቲማቲም ምረጡ። ዘሩን ከነፈሳሹ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁ፤ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ ከ2 እስከ 3 ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ሽታው ይለወጣል፤ ከላይ ሻጋታ ቢያወጣም አትደንግጡ። ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ ስታማስሉት ጥሩው ዘር ይዘቅጣል፤ ገለባው ይንሳፈፋል። የዘቀጠውን አጥባችሁ ሳህን ላይ አስጡት፤ ወረቀት ላይ ከደረቀ ተጣብቆ ያስቸግራል።

የሚበቅለው ተክል ግን ወላጁን ላይመስል ይችላል። ገበያ ላይ ከሚቀርበው ቲማቲም ከፊሉ የሚመረተው ከድቅል ዘር ነው፤ ድቅል ዘር ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን በማዳቀል የሚገኝ ዘር ነው። ከድቅል ተክል ፍሬ የወጣ ዘር ሲዘራ የልጆቹ ባሕርይ ይለያያል፦ አንዱ ትልልቅ፣ ሌላው ትንንሽ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። የባሕርይ ውርስን ያጠናው ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያስተዋለው መለያየት ይኸው ነው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ግን ድቅል ስላልሆኑ ዘራቸው በአብዛኛው ወላጁን ይመስላል።

ከአንድ ቲማቲም 10 ዘር ዝሩ። ሲያፈሩ የፍሬዎቹን መጠንና ቅርጽ አወዳድራችሁ፣ የገዛችሁት ቲማቲም ድቅል መሆን አለመሆኑን ገምቱ።