ሞዴል አውሮፕላን መቼ ይቀባል? ተረትና እውነታ

የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን መሥራት የጀመረ ሰው ሣጥኑን እንደከፈተ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልቀባ ወይስ ልገጥም? መካሪዎቹ ሁለት ጎራ ናቸው። አንደኛው «ሁሉንም ቀብተህ ግጠም» ይላል፤ ሌላው «ገጥመህ ስትጨርስ ቀባ»። ሁለቱም ምክሮች የሚሠሩበት ቦታ አላቸው፤ ለሁሉም ክፍል የሚሆን ሕግ ሲደረጉ ግን ጥሩ ሥራ ያበላሻሉ። እስቲ እ.ኤ.አ. በ1940 በብሪታንያ ሰማይ የተዋጋውን ስፒትፋየር የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን፣ በ1/48 መጠን የተሠራውን፣ ይዘን እንያቸው።

ተረት፦ «ክፍሎቹን ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ክፈፍ ሳይነጥሉ መቀባት ሥራ ያቀላል።»

ነገሩ የሚጀምረው ከሙጫው ነው። የሞዴል ሙጫ በሁለት ክፍሎች መካከል ተቀምጦ የሚይዝ ሳይሆን ፖሊስታይሪኑን ራሱን አቅልጦ አንድ የሚያደርግ ነው። በመካከል ቀለም ካለ ሙጫው ፕላስቲኩን በቅጡ አያገኘውም። እንዲህ የተያያዘ ክንፍ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ትንሽ ጫን ሲሉት ከነቀለሙ ይላቀቃል። ስለዚህ የሚገናኙት ጠርዞች ከመቀባታቸው በፊት በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ካልሆነም ቀለሙ በምላጭ ይፋቃል። ሌላው ጣጣ ክፍሉ ከክፈፉ ሲቆረጥ የሚቀረው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳው በብርጭቆ ወረቀት ሲስተካከል ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ክፈፍ ላይ እንዳለ ቢቀባ የማይጎዳው ጠባሳው ከተገጠመ በኋላ የሚደበቅለት ጥቃቅን ክፍል ብቻ ነው።

ተረት፦ «ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው።»

የስፒትፋየሩ አካል ግራና ቀኝ ግማሾች ከተጣበቁ በኋላ ወደ ኮክፒቱ፣ ወደ አብራሪው ክፍል፣ የሚያሳየው በአውራ ጣት የሚሸፈን ቀዳዳ ነው። ብሩሽ ወለሉ ላይ አይደርስም፤ ኤርብራሽም ጥጋጥጉን ይስታል። ስለዚህ የውስጥ ግድግዳዎቹ በእንግሊዞቹ ግራጫ አረንጓዴ፣ የመሣሪያ ሰሌዳው በጥቁር፣ አካሉ ሳይዘጋ መቀባት አለባቸው። መቀመጫውን በተለይ ልብ ይሏል። በብዙ ስፒትፋየሮች ላይ መቀመጫው በሬዚን ከተጣበቀ ወረቀት የተሠራ ስለነበር መልኩ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በአረንጓዴው መካከል ያ ቡናማ ጎልቶ ሲታይ ኮክፒቱ ነፍስ ይዘራል፤ ይህን በንጽሕና መቀባት የሚቻለው መቀመጫው ለብቻው በወረንጦ ተይዞ ሳለ ነው።

ወደ ውጩ ገጽ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ቡናማና አረንጓዴው ካሙፍላጅ ከክንፉ ወደ አካሉ ሳይቋረጥ ይሻገራል። ክንፍና አካል ለየብቻ ከተቀቡ የቀለሙ ድንበር መገጣጠሚያው ላይ አይገናኝም። ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቶ መሞረድ ከመጣ ደግሞ የተለፋበት ቀለም ይፋቃል። ስለዚህ ክንፍ፣ አካልና ጅራት መጀመሪያ ይጣበቃሉ፤ ጎማ፣ ማረፊያ እግርና ፕሮፔለር ግን ለብቻቸው ተቀብተው ይቆያሉ።

ተረት፦ «ፕራይመር ጉድለት ይሸፍናል።»

ጀማሪን እንደዚህ የሚያሳስት አባባል አላውቅም። ፕራይመር፣ ከዋናው ቀለም ሥር የሚቀባው መነሻ፣ የሚያጋልጥ ነገር ነው። ግራጫ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ስቱኮ ሲኖር ዓይን የሚያየው የመልኩን ልዩነት ነው፤ ጎድጓዳውንና ጭረቱን አይለይም። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሲለብስ ጠፋ የተባለው ስፌት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ይሞላል፣ ይሞረዳል፣ ያ ቦታ ዳግም ፕራይመር ይነካል። ጊዜው እንግዲህ ከመሞረድ በኋላ፣ ከዋናው ቀለም በፊት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ዙር ይበልጣል። ከፕራይመሩ በፊት ሞዴሉን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ የጣት ቅባትንና የሞረዱትን ብናኝ ያስለቅቃል። «ሚስተር ሰርፌሰር» የተባለው የጃፓን ፕራይመር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይልማል፦ 500 ጭረት ለመሙላት፣ 1500 ለለስላሳ ገጽ። ቀለም ያልነካው ብረት መምሰል ላለበት አውሮፕላን ብዙዎች የሚመርጡት የሚያብረቀርቅ ጥቁር መነሻ ነው፤ የብረት መልክ ያለው ቀለም ትንሿን ጭረት እንኳ ይናገራልና።

ተረት፦ «ለካኖፒው የውጩ ቀለም ይበቃዋል።»

ካኖፒው የኮክፒቱ ክዳን ነው፤ መስተዋቱ ግልጽ ስለሆነ የፍሬሙ ቀለም ጀርባ ከውስጥ ይታያል። ስለዚህ መስተዋቱ በፕላስተር ተሸፍኖ ፍሬሙ ላይ መጀመሪያ የኮክፒቱ ቀለም፣ ሲደርቅ ደግሞ በላዩ ካሙፍላጁ ይረጫል። ካኖፒውን በሱፐር ግሉ ማጣበቅም አይመከርም፤ እንፋሎቱ መስተዋቱን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። የሚሻለው ነጩ የእንጨት ሙጫ ነው፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል።

ከቀለሙ በኋላ የዲካል፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ምልክቶች የታተሙበት ተለጣፊ፣ ተራ ነው፤ የሚለጠፈውም በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ላይ ነው። በደብዛዛ ሻካራ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ሥሩ አየር ይቀርና ብርማ ሆኖ ይታያል። ደብዛዛው ቫርኒሽ ከዲካሉ በኋላ ይመጣል፤ እሱ ሲደርቅ ማረፊያ እግሮቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ከቀለም ይጸዳል፣ ተቀብተው የቆዩት ክፍሎችም በየቦታቸው ይጣበቃሉ።