ሰሊጡ ሲደርስ ወባም ይደርሳል

ሀገር ቤት ስንደውል ዘመዶቻችን «ዋናው ጤና!» ይሉናል። እኔ ይህ አባባል ለሀገር ኢኮኖሚም የሚሠራ ይመስለኛል። ሰሊጥን እንመልከት።

ሰሊጥ ለኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው። በብዛት የሚበቅለው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ሰሊጥ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ የቀን ሠራተኞች ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ አጨዳው ሲጀመር ወባም ይበረታል። ወባ በሌለበት ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ በሽታውን የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው።

አንድ አጫጅ በትኩሳት ሲተኛ የቀን ገቢው ይቀራል። ብዙዎች ሲተኙ የገበሬው ሰሊጥ ይረግፋል፤ ነጋዴው ወደ ውጭ የሚልከው ያንሳል፤ ሀገሪቱም ነዳጅና መድኃኒት የምትገዛበት ዶላር ይቀንሳል።

ስለዚህ ለእኔ አጎበርና ፈጣን ምርመራ እንደ ማጭድ የሥራ መሣሪያ ናቸው። ብዙ አጫጆች ሜዳ ላይ ያድራሉ፤ አጎበር የሚሰቀልበት መጠለያም ያስፈልጋቸዋል። ማጭዱን ብቻ ሰጥቶ ምርት መጠበቅ አይቻልም።