አቃጣይ ኬሚካሎችን ማጓጓዝና የሚያስከትለው አደጋ

አቃጣይ ኬሚካሎች የሚባሉት የሰውን አካል ሲነኩ ሕብረ ሕዋስን የሚገድሉ፣ ብረትንም የሚበሉ ናቸው። ለባትሪ የሚውለው ሰልፈሪክ አሲድ፣ ለሳሙና መሥሪያ የሚውለው ኮስቲክ ሶዳና በቆዳ ፋብሪካዎች የሚሠራበት ፎርሚክ አሲድ ከዚህ ወገን ይመደባሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአደገኛ ጭነት አመዳደብ 8ኛውን ክፍል የያዙ ሲሆን፣ ምልክታቸው በእጅና በብረት ላይ የሚፈስ ፈሳሽ ነው። ሆኖም ከትልቁ በርሜል ወደ ጀሪካን የተገለበጠ ኬሚካል ምልክቱን ይዞ አይሄድም።

ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ክብደቱ የውኃን 1.84 እጥፍ ያህል ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 37 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ እንደ ውኃ ጀሪካን ገምቶ የሚያነሳው የመኪና ረዳት በቀላሉ ከእጁ ሊያመልጠው ይችላል። በብረት ቦቴ የሚጓዘውም ቢሆን ውኃ ከገባበት ተበርዞ ብረቱን መብላት ይጀምራል፤ ተቀጣጣይ የሆነውን የሃይድሮጅን ጋዝም ያመነጫል።

አደጋው በጉዞ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 በደቡብ ኮሪያ ጉሚ ከተማ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ከቦቴ በሚራገፍበት ጊዜ 8 ቶን ያህል አምልጦ 5 ሰዎች ሞተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ሕክምና ጠይቀዋል።

ተጎጂ ሲመጣ የጤና ባለሙያው አስቀድሞ ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ የተበከለውን ልብስ ማስወለቅ፣ ዱቄት ከሆነ በደረቁ ማራገፍ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ማጠብ ይኖርበታል። ሰልፈሪክ አሲድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሙቀት እንደሚፈጥር የሚያውቁ አንዳንዶች ውኃውን ይፈራሉ። የሚጎዳው ግን ጥቂት ውኃ ወይም እርጥብ ጨርቅ ነው፤ በብዛት የሚወርድ ውኃ አሲዱንም ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል። አሲዱን በአልካሊ ለማርከስ መሞከር ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል። የጥርስ ሳሙና መቀባትም ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

አልካሊ ስቡን ወደ ሳሙና እየለወጠ፣ ፕሮቲኑንም እያሟሟ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ቁስሉ መጀመሪያ ቀላል መስሎ ሊያታልል ይችላል። የተነካ ዓይን የሽፋሽፍቱ ሥር ሳይቀር ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይታጠባል፤ ፒኤች ወደ 7 መመለሱም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይታያል። ኬሚካሉን የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይደረግም።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል። የተበረዘው ሕመሙ እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ ፍሎራይዱ የደሙን ካልሲየም ስለሚይዝም የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ከታጠበ በኋላ 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ይቀባል፤ የልብ ምቱም በኢሲጂ ይከታተላል።