ከመሐል ሜዳ እስከ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?

የእህትዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከመብረሯ በፊት ከመንዝ መጥታ እርስዎ ዘንድ ታርፍ ይሆናል። ያን ዕለት ቲኬቷን የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓትም አስቀድመው ቢቆጥሩት ይጠቅማል።

ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በረራው 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አሠሪዋ ሪያድ ከሆኑና ከጅዳ በሌላ አውሮፕላን የምትቀጥል ከሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 850 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በረራው ከ2 ሰዓት አያልፍም። በመኪና ግን 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ቀኑን ይጨርሳል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ በመኪና 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአየር ቢለካ 170 ቢሆን ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። አውቶቡሱ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ፣ ጉም በወረደበት ደጋ እያዘገመ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ይገናኛል። ደብረ ብርሃን ሲደርስ እንኳ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። እንግዲህ ለልጅቷ ረጅሙ ጉዞ ቀይ ባሕርን መሻገሩ ሳይሆን ከእናቷ ደጅ እስከ ቦሌ ያለው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ቲኬቱ ነው። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፏል። «ማክሰኞ 02፡00» ቢል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ወይም ማክሰኞ ማታ ማለት አይደለም። በፈረንጆች ዘንድ ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ በረራው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣዋን ይዛ ብትሄድ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሎ አድሯል፤ ለጉዞው ተብሎ የተሸጠው በግም አይመለስም።

ለፍተሻና ለምዝገባ 3 ሰዓት ቀደም ማለት ስለሚያስፈልግ፣ ሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ቦሌ መገኘት አለባት። ሰኞ ንጋት ላይ ከመሐል ሜዳ ብትነሣ ትደርስ ይሆናል፤ ጎማ ቢፈነዳ ወይም መንገዱ ቢዘጋ ግን አለቀ። እኔ ብጠየቅ ቅዳሜ ትግባ፣ እሑድን እርስዎ ጋ ትረፍ እላለሁ።

መሐል ሜዳ ባናዋን ደርባ ስልክ የምትጠብቀዋንም እናት አይርሱ። የጅዳና የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል። አውሮፕላኑ ጅዳ የሚያርፈው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ፓስፖርት ማሳየት፣ ሻንጣ መረከብ፣ ተቀባይ መጠበቅ አለ። ስለዚህ «ከረፋዱ በፊት ስልክ አትጠብቂ» ብለው ይንገሯት፤ ሌሊቱን በከንቱ ከምትቆዝም ትተኛ።

ማክሰኞ ማታም ድምፅዋ ካልተሰማ የላካትን ኤጀንሲ ይጠይቁ። ለዚህም የኤጀንሲውንና የአሠሪዋን ስም፣ አድራሻና ስልክ፣ የሥራ ውሉንም ቅጂ ከመሄዷ በፊት ይያዙ። የምትሠራበትን ከተማም ለይተው ይጻፉ፤ ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ኤምባሲው ያለው ሪያድ ነው። አንዱን ቅጂ ለእናቷ ይላኩላት።