ቀጠሮው አይቋረጥ

በ2018 ዓ.ም. የዓለም የስኳር ሕመም ቀን የዋለው ኅዳር 5 ነበር። በዚያው ዕለት ጤና ሚኒስቴር በደቡብ ኦሞ ዞን ጂንካ ከተማ ውስጥ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱን አረጋገጠ። በአገራችን ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። እኔ እዚያው ጂንካ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን የምከታተል ነርስ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በነበሩት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ የሚጠብቀን ሰልፍ ሳሳ። ቀጠሮ የያዙት ቀሩ። ስልክ ያላቸውን ደውለን ስንጠይቅ «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ይለፍና እመጣለሁ» ይሉናል።

አልፈርድባቸውም። ማርበርግ በታማሚው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል፤ እስካሁን የጸደቀ ክትባትም ሆነ መድኃኒት የለውም። በጂንካው ወረርሽኝ ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ሕዝቡ ይህን እየሰማ ወደ ጤና ተቋም እግሩ አልሄድ ቢለው አይገርምም። የቀረው ሰው በመርፌ የሚኖር ከሆነ ግን «ይለፍና» የሚባል ጊዜ የለውም። ሰውነቱ ከናካቴው ኢንሱሊን የማያመርት ሰው መርፌውን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆናል። ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ቫይረሱ ሳይነካው ወረርሽኙ ይገድለዋል፤ ሞቱም በዕለቱ መግለጫ ውስጥ አይገባም።

በዚያ ሰሞን አንድ ጎልማሳ ከቆላው ወገን በሞተር ተጭኖ መጣ። ወንድሙ ከኋላ ደግፎት ነበር። ልብሱ ላይ ትውከት ስላለ በር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ገለል አለ፤ እኛም ሙሉ መከላከያችንን ለብሰን ቀረብን። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ እንደዚያ ያለ ድካም በማርበርግም ይታያል። በሌላ ጊዜ ቢሆን የስኳር አሲድ የበዛበት ሰው አፉ ላይ የሚሸተውን የበሰለ ፍሬ የመሰለ ጠረን ገና ስንጠጋው እናውቀው ነበር። ጭምብልና የፊት መከላከያ ያደረገ ባለሙያ ግን ያን አያሸትም። የቀረን ዓይናችን ነበር፤ ደረቱ በጥልቀትና በፍጥነት ይነሳል ይወርዳል፣ ከንፈሩና ምላሱ ደርቋል። በጣቱ ጠብታ ደም ብንለካ መለኪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ሃይ» ብሎ ጻፈ፤ መለካት ከሚችለው በላይ ነው ማለት ነው። ናሙናው ለማርበርግ ምርመራ ተላከ፤ ውጤቱን ሳንጠብቅ ግን ሥራችንን ጀመርን፤ በመጀመሪያ የገባለት ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፣ ቀጥሎ ኢንሱሊን። ወንድሙ በአስተርጓሚ ሲጠየቅ ለወራት ሌሊት እየተነሳ ውሃ ሲጠጣና ሲሸና እንደነበር፣ ሥጋውም እንዳለቀ ነገረን። ስኳር እንዳለበት ማንም ነግሮት አያውቅም። የማርበርግ ውጤቱ ነጻ ሆኖ መጣ። ሰውየው በእግሩ ወጣ።

ይህን የምጽፈው ሰውየው በመትረፉ ልንመሰገን አይደለም። ያን ጠዋት የስኳር መለኪያውና የደም ጠብታ የሚቀበለው ስትሪፕ ማጣሪያው ጠረጴዛ ላይ ባይኖር ኖሮ ውጤት እየጠበቀ ለብቻው ተነጥሎ ይሞት ነበር። ወረርሽኝ ሲመጣ የሙቀት መለኪያ ከሁሉ ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። የስኳር መለኪያም አጠገቡ መቆም አለበት።

ወረርሽኝ ስኳር ያለበትን ሰው አጥብቆ እንደሚጎዳ ኮቪድ ቀድሞ አስተምሮን ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝ በመጀመሪያው ማዕበል ሆስፒታል ውስጥ በኮቪድ ከሞቱት ሦስት ሰዎች አንዱ ስኳር ያለበት ነበር። ዕድሜና ሌላው ሁኔታ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ስኳር ከሌለበት ጋር ሲነጻጸር የመሞት ዕድሉ በእጥፍ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ያለበት ደግሞ በሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከ13 የአፍሪካ አገሮች ባሰባሰበው መረጃ፣ ኮቪድ ከያዛቸው ባለስኳሮች 10.2 በመቶው ሞተዋል፤ ከጠቅላላው ታማሚ የሞተው ግን 2.5 በመቶ ነበር። በዚያው ጊዜ ድርጅቱ በአህጉራችን ስኳር ካለባቸው ሰዎች 70 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው እንደማያውቁ ገምቷል። በሞተር የመጣው ሰው ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው በላይ የሚሞትበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ተዋጊዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ይዳከማሉ፣ የደም ሥር ይጎዳል፣ ኩላሊት ይደክማል። ኢንፌክሽን ሲገባ ደግሞ ሰውነት በጭንቀት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳሩን የበለጠ ያንሩታል። ብዙ የኮቪድ ታማሚ ያተረፈው ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ራሱ ስኳር ይጨምራል። ስለዚህ ከወረርሽኙ በፊት ስኳሩ የተስተካከለለት ሰው ትግሉን የሚጀምረው ከተሻለ ቦታ ነው።

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ስኳርን ማስተካከል ግን ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያልሠራ ሰው መረዳት ይከብደዋል። ከኦሞራቴ ወይም ከቱርሚ ጂንካ መጥቶ መድኃኒት መውሰድ ከቀን ያላነሰ ጊዜና ለአርብቶ አደር ቤተሰብ ፍየል የሚያስሸጥ ወጪ ነው። በኮቪድ ጊዜ ተሳፋሪ በግማሽ ተቀንሶ ታሪፍ እጥፍ ሲሆን ከሁሉ በፊት መንገዱን የተዉት እነዚህ ናቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ቆላው ቀትር ላይ ከዚያ ያልፋል፤ ፍሪጅ ያለው ቤት ደግሞ ጥቂት ነው። የምንመክራቸው ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በረጠበ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ላይ እንዲያኖሩት ነው። ሙቀቱን በጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። አንዲት እናት ከዲመካ ባመጡት ጠርሙስ ውስጥ ግን ነጭ ቅንጣት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን በእጅ ሲንከባለል ወተት መስሎ አንድ ወጥ ካልሆነ ተበላሽቷል። እሳቸው ሳይቀሩ ሳያጓድሉ ይወጉት ነበር፤ ስኳራቸው ግን አልወረደም።

ሌላው እንቅፋት ስኳር የወፍራምና የባለጸጋ በሽታ ነው የሚለው እምነት ነው። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በገጠሩ ያገኟቸው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣት፣ ድሃና ከሲታ ነበሩ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2017 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ስኳር አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሏል። በተደጋጋሚ ድርቅና የኦሞ ጎርፍ በሚፈራረቁበት በእኛ ዞን ከሲታ ወጣት ሲታመም ወባ ወይም ቲቢ ብቻ ማሰብ አይበቃም።

ከጎንደሩና በጅማም ከተካሄደው ተመሳሳይ ሥራ የምወደው ግን ሌላውን ነው። ሕሙማኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንዲመላለሱ ከማድረግ ይልቅ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶችን አሠልጥነው ኢንሱሊኑን ወደ ሰዉ አቀረቡት። በአገራችን ኤችአይቪ ያለበትና የተረጋጋ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ መሄድ ከኮቪድ በፊት ጀምሮ ይችላል። ለስኳር ኪኒን ተመሳሳዩን ማድረግ አያቅትም። ለኢንሱሊን ደግሞ የክትባት ፍሪጅ ያለው ጤና ጣቢያ አጠገቡ ሌላ ፍሪጅ ቢጨመርለት የቱርሚ ሰው ቱርሚ፣ የሃና ሰው ሃና ይወስዳል። ጂንካ ላይ ወረርሽኝ ቢገባ እንኳ መርፌው አይቋረጥም። ለዞኑና ለክልሉ ጤና ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው፦ የወረርሽኝ ዕቅድ ስታዘጋጁ የኢንሱሊንና የስትሪፕ ክምችት ከጓንትና ከጭምብል ጋር አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ።

የማርበርጉ ወረርሽኝ ማብቃቱ ጥር 2018 ላይ ታውጇል። ስኳር ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናቶችና አባቶች፣ ቀጣዩ ሳይመጣ እነዚህን ያዙልኝ። ምግብ ቢያስጠላችሁ እንኳ ኢንሱሊን ፈጽሞ አታቁሙ፤ መጠኑን ባለሙያ ጠይቃችሁ አስተካክሉ። ሜትፎርሚን የምትወስዱ ትውከትና ተቅማጥ ከበረታባችሁ ለጊዜው ማቆም ይገባችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መርፌና የጣት መውጊያ ለጎረቤትም ለቤተሰብም አታውሱ፤ ማርበርግም ሄፓታይተስም በደም ይሄዳሉ። የክትትል ካርዳችሁን ከኪሳችሁ አትለዩት። በር ላይ ሙቀት ሲለኩዋችሁ ገና ሳትጠየቁ «ስኳር አለብኝ» በሉ፤ ያን የሰማ ባለሙያ ጣታችሁን ይለካል።