ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት

በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው የአእምሮ ሕመም ስላለበት ብቻ ከቅጣት አይድንም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ የሚመረምረው የበሽታውን ስም ሳይሆን የአንድን ሰዓት ሁኔታ ነው። ተከሳሹ ድርጊቱን ሲፈጽም ምንነቱን ወይም ውጤቱን መረዳት ይችል ነበር? ቢረዳስ ራሱን መግታት ይችል ነበር? በአንቀጽ 48 መሠረት በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት ከሁለቱ አንዱን ያልቻለ ሰው በወንጀል አይቀጣም።

እንግሊዞች በ1843 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ በገደለው በዳንኤል ማክናተን ጉዳይ የተነሣ ያወጡት መመዘኛ በመረዳት ላይ ብቻ የቆመ ነበር። የኢትዮጵያው ግን ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ካረቀቀው ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ ራስን የመግዛት አቅምንም ያያል።

በተግባር ሲታይ ነገሩ ይከብዳል። አንድ የሲ.ኤም.ሲ ነዋሪ ጎረቤቱ ሮቶው ውስጥ መርዝ እየጨመረ ሊፈጀው እንደሆነ በሕመሙ ምክንያት አምኖ ጎረቤቱን ወግቶ ገደለው እንበል። ቢላዋ እንደሚገድል ያውቃል፤ የወጋው ሰው መሆኑንም ያውቃል። በእርሱ ዓለም ግን ነፍሱን እያዳነ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የሠራውን ተረድቷል ይባላል? ዓቃቤ ሕግና ጠበቃ የሚፋለሙት እዚህ ላይ ነው። ቢላዋውን ቀደም ብሎ ደብቆት እንደነበር፣ ልብሱን አጥቦ መሸሹ ወይም አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ፖሊስ መጠበቁ ሁሉ ይመዘናል። መሸሽ ብቻውን ግን የጤነኛነት ማስረጃ አይደለም፤ አሳዳጅ የሚታየው ሕመምተኛም ይሸሻል።

አእምሮው ፈጽሞ ያልጠፋ፣ ግን የተጓደለ ሰው በከፊል ኃላፊ ይሆናል። ለተራ የሰው ግድያ የተደነገገው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ተከሳሽ ዳኛው ከመነሻው በታች መውረድ ይችላል። ለመግደል ወስኖ ድፍረት እንዲሰጠው የጠጣ ሰው ግን ስካሩን መከላከያ ሊያደርገው አይችልም።

ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ያስቀርባል። የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ያሳየ ተከሳሽ ሲሆን ይህ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ በዋናነት የሚታወቀው በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ በሳይንስ ያረጋገጠው ነገር ዳኛውን ያስገድዳል፤ «ስለዚህ ኃላፊ አይደለም» የሚለው ድምዳሜ ግን የዳኛው ብቻ ነው። ክፍፍሉ ትክክል ነው፤ ሐኪሞችም እርስ በርስ ይለያያሉና። ኖርዌይ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. 77 ሰዎችን የገደለው ብሬይቪክ በመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ሕመምተኛ፣ በሁለተኛዎቹ ጤነኛ ተብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ኃላፊ ነው ብሎ ቀጣው።

የኢትዮጵያው ችግር ከዚህ ይለያል። ብዙ ቤተሰብ የታመመ ልጁን ወደ ሆስፒታል ከመውሰዱ በፊት ጸበል ያስጠምቀዋል። እንጦጦ ማርያም ወራት የከረመ ሕመምተኛ ካርድም ሆነ የመድኃኒት ማዘዣ ላይኖረው ይችላል። የሕመሙን ታሪክ የሚናገሩለት እናቱ፣ አስታማሚዎቹና አብረውት የተጠመቁ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ምስክርነት «ለማዳን ብለው ነው» ተብሎ እንደ ዋዛ መታለፍ የለበትም፤ ከግድያው በፊት ያየው ሌላ ሰው አይገኝምና። ምርመራው በዘገየ ቁጥር ደግሞ ሐኪሙ የሚያገኘው በእስር ቤት የተረጋጋን ሰው ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ያን ሰዓት ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ኃላፊ ያልተባለ ሰው በነጻ ተሰናብቶ ቤቱ ይገባል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ለሕዝብ አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ ተቋም ውስጥ እንዲቆይ ያዛል፤ ካልሆነ በሕክምና ክትትል ሥር ያደርገዋል። ጊዜው አስቀድሞ አይወሰንም፤ ምክንያቱ ሲወገድ ግን እርምጃው ያበቃል። እንዲህ ያለ ተቋም በአገሪቱ ጥቂት ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ የተጻፈው ሕክምና በተግባር አልጋ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

የሟች ቤተሰብም መብት አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋት ሲመዘን የአድራጊው የአእምሮ ሁኔታ አይታይም። ስለዚህ ከወንጀል ቅጣት የዳነ ሰው ካሳ ክፈል ሊባል ይችላል፤ የሥራውን ጥፋትነት መረዳት የማይችል ከነበረ ግን ዳኛው ርትዕ ሲያስገድድ ካሳውን ይቀንስለታል።